ፀጉር የሚበላሸው ሌሊት ነው
(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በተደረገ የሴቶች የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከድግግሞሽ ጥቂት ከመቀነስ በቀር እንደተነገረ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ? ... ምነው ድምፅ ጠፋ? እንደምን ዋላችሁ? እሰይ! ቅዳሜያችሁን ከቤት፣ ከልጅና ከሥራ ላይ ቀምታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቡና ለሚያፈሉልን እህቶችም ምስጋና ይድረሳቸው። አቦሉ ተጠጥቷል፤ ቶናው ሳይወርድ ጨርሺ ብለውኛል። እሞክራለሁ፣ ግን ቃል አልገባም። [ሳቅ]

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ፀጉር ሠሪ ነኝ። የምነግራችሁ አብዛኛው በእጄ የማውቀው ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ፀጉራችሁን ለመሠራት ስትሄዱ ስንት ሰዓት ትቀመጣላችሁ? መታጠቡ አለ፣ ቢጉዲን መጠቅለሉ አለ፣ ካስክ ውስጥ ገብቶ ጆሮ እስኪግል መቀመጡ አለ፣ ከዚያ መጎተቱ አለ። ግማሽ ቀን አይሄድም? ይሄዳል። የምትከፍሉትን አልጠይቅም፤ ከኋላ ቆመው የሚሰሙ ባሎች አያለሁ። [ሳቅ] ታዲያ ይህን ሁሉ ከፍላችሁ፣ ይህን ሁሉ ተቀምጣችሁ፣ በማግስቱ ጠዋት መስታወት ፊት ስትቆሙ ምን ታያላችሁ? አንዱ ጎን ተደፍጥጦ፣ አንዱ ጎን ቆሞ፣ ከኋላ ያለው ተቋጥሮ! ከዚያ ስልክ ታነሱና "ያቺ ልጅ አበላሸችኝ" ትላላችሁ። ያቺ ልጅ አላበላሸችም። ሌሊቱ ነው ያበላሸው።

ዛሬ ሦስት ነገር እናነሣለን። አንደኛ፣ ሌሊት ፀጉራችን ላይ ምን እንደሚደርስ። ሁለተኛ፣ ፀጉርን ቤት ውስጥ ጠቅልሎ በሽቦ፣ ማለትም በፀጉር መያዣ፣ አስይዞ ማደር እንዴት እንደሆነ፤ እዚህ ላይ እቆያለሁ። ሦስተኛ፣ ማን መጠንቀቅ እንዳለባት።

አንደኛው። ጭንቅላታችን ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ላይ ይንከባለላል። የአብዛኞቻችን ትራስ ልብስ ጥጥ ነው። ጥጥ ፀጉሩን ይዞ ይፈትገዋል፣ የቀባነውን ቅባትም ይመጠዋል። ላብ ደግሞ አለ። ጠዋት ቀድሞ የሚነሣው ፀጉር የት እንዳለ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አንገት ሥር ነው፣ ጆሮ አጠገብ ነው፣ ግንባር ዳር ነው። ላብ የሚያገኘው ቦታ ሁሉ።

ለምን ይነሣል? ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ቅርጹን ይዘው የሚያቆዩት ውስጡ ያሉ ማሰሪያዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት ደካማ ነው፤ ውሃ ሲያገኘው ይፈታል፣ ሲደርቅ ደግሞ በደረቀበት ቅርጽ ይታሰራል። ቢጉዲን የሚሠራው በዚህ ነው፤ እርጥቡን ጠቅልለን አድርቀን ስንፈታው ክቡን ይዞ ይወጣል። ሌላው ዓይነት የሰልፈር ማሰሪያ ነው። እሱ ጠንካራ ነው፤ ውሃም ማበጠሪያም አይፈታውም፣ ለዘለቄታው የሚለውጠው ኬሚካል ነው። ስለዚህ ጠቅልሎ ማደር ፀጉራችሁን አይቀይረውም። ከርዳዳው ከርዳዳ፣ ዞማውም ዞማ ነው። የተሠራውን ያቆያል እንጂ አዲስ ፀጉር አይሰጥም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንዳትቀየሙኝ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ተሠርተሽ ሳምንት ብትቆዪ አይገርምም። እዚህ ግን ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከመኪና ወርዳችሁ በር እስክትከፍቱ አየሩ ራሱ ውሃ ነው። ጂዳና ዱባይ ያሉ እህቶቻችንን ጠይቋቸው፤ እነሱ ከኛ ይብሳሉ። ውሃው በላብ ይምጣ በአየር፣ ለፀጉሩ ያው ነው፤ ማሰሪያው ይፈታል፣ ፀጉሩም ወደ ተፈጠረበት ይመለሳል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሙያውን የተማርኩት ፒያሳ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። የሠርግ ወቅት ነው፣ ሚዜዎች ከዋዜማው ጀምሮ ይሠራሉ፤ ሙሽራዋ ጠዋት ስለምትሠራ ለእነሱ ጊዜ አይኖርም። አንዷ ሚዜ እንዴት ያለ ፀጉር ተሠራች መሰላችሁ! ወገቧ የሚደርስ፣ የሚያበራ። "ዛሬ አልተኛም" አለች። እውነትም አልተኛችም፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ተደግፋ ልታድር ወሰነች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ጣላት። ጠዋት ስትመጣ ግድግዳው የነካው ወገን ቆሞ ነው የመጣው! የሙሽራው መኪና ውጭ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሙሽራዋ ታለቅሳለች፣ የቤቱ ባለቤት ፔስትራ ይዛ ሚዜዋን እያሳደደች ትተኩሳለች። [ሳቅ] አንዲት ሻሽና ጥቂት ሽቦ ቢኖር ልጅቷ ተኝታ ታድር ነበር።

ደግሞ እወቁልኝ፣ ይህ የሌሊት ጣጣ አዲስ አይደለም። ከአገራችን ደቡብ የመጡትን ትናንሽ የእንጨት ብርኩማዎች አይታችኋል? የሐመርና የዳሰነች ወንዶች ቀን ይቀመጡባቸዋል፣ ሌሊት ራሳቸውን ያሳርፉባቸዋል። ለምን ይመስላችኋል? በጭቃ የተሠራው የፀጉር ጌጣቸው መሬት እንዳይነካ፣ እንዳይፈርስ ነው። የከፋና የሲዳማ የራስ ማሳረፊያዎችም ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። እንግዲህ ወንድ ልጅ ለፀጉሩ ብሎ እንጨት ተንተርሶ ካደረ፣ እኛ ሻሽ ማሰር ሊከብደን ነው? ሊከብደን ነው ወይ? [ከታዳሚ፦ አይከብደንም!] እሰይ።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። አሜሪካ ስመጣ መጀመሪያ የሠራሁት ኒው ዮርክ ነው፣ ዋሽንግተን ሃይትስ የሚባል፣ ማንሃታን ሰሜን በኩል ያለ ሰፈር። የዶሚኒካን ሰዎች ሰፈር ነው። ፀጉር ቤቱ በየጥጉ ነው፤ ሴቶቹ በፀጉር ሥራ የተመሰገኑ ናቸው። ያሠራችኝ ሴትዮ ቋንቋዬን አታውቅ፣ እኔ ቋንቋዋን አላውቅ፤ በእጅ ነው የምንግባባው። እነሱ ቱቢ የሚሉት ሥራ አለ። ፀጉሩን በቢጉዲን አድርቀው፣ በማድረቂያና በብሩሽ ጎትተው ካለሰለሱ በኋላ ዝም ብለው አይለቁትም። በራስ ቅሉ ዙሪያ ይጠመጥሙታል፣ በሽቦ ያስይዙታል፣ መረብ ያለብሱታል። ደንበኛዋ እንደዚያው ሆና ወደ ቤቷ ትሄዳለች!

መጀመሪያ ሳይ ደነገጥኩ። እኛ አገር ሴት ልጅ ሽቦዋ እየታየ ከቤት ትወጣለች እንዴ? እዚያ ግን ዓርብ ማታ ሱቅ ብትገቡ ወተት የምትገዛዋ፣ ልጅ የምትጎትተዋ፣ አውቶቡስ የምትጠብቀዋ ሁሉ ራሷ ላይ መረብ አለ። ማንም ዞር ብሎ አያይም። ቅዳሜ ማታ ሲፈታ ነው የሚታየው። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለእነሱ ፀጉር ሥራው ሳሎን አያልቅም፣ ቤት ነው የሚያልቀው። ጥቁር አሜሪካውያን እህቶቻችንም ማታ ማታ ጠቅልለው በሻሽ አስረው ማደርን ከእናቶቻቸው የወረሱ ናቸው። እኛ ነን ሹሩባውን እያወቅን ይህኛውን ቸል ያልነው።

አሁን አሠራሩን ስሙኝ። ሥራው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ነው የቆመው፤ ጭንቅላታችሁን እንደ አንድ ትልቅ ቢጉዲን ቁጠሩት። ቢጉዲን ትንሽ ሲሆን ፀጉሩ ይጠቀለላል፤ ትልቅ ሲሆን ቀጥ ይላል። ከራስ ቅላችሁ የሚበልጥ ቢጉዲን ደግሞ የት ይገኛል?

ፀጉሩ ደረቅ መሆን አለበት። ደረቅ! ሦስት ጊዜ ልበለው? ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ። ተሠርታችሁ የመጣችሁበት ማታ ነው የሚጀመረው፤ "ነገ አደርገዋለሁ" የለም። ቅባት ከፈለጋችሁ መዳፋችሁ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ አሽታችሁ ጫፍ ጫፉን ንኩት። ከዚያ በላይ ከቀባችሁ ፀጉሩ ተጣብቆ ያድራል፣ ጠዋት እንደታኘከ ሆኖ ይወጣል።

ጥርሱ ጠበቅ ያለ ማበጠሪያ ወይም ለስላሳ ብሩሽ ያዙ። ከአንድ ጆሮ በላይ ጀምሩ። ፀጉሩን ሳታነሡ፣ ራስ ቅሉ ላይ አስተኝታችሁ፣ በአንድ አቅጣጫ እያበጠራችሁ ወደ ግንባር፣ ከግንባር ወደ ሌላው ጆሮ፣ ከዚያ ወደ ማጅራት አዙሩት። አንድ እጅ ያበጥራል፣ ሌላው እጅ በመዳፉ ተከትሎ ይይዛል። የመዳፉ ሥራ ከማበጠሪያው ይበልጣል። ያቺ አሠሪዬ ማበጠሪያውን ከእጄ ቀምታ መዳፌን ራስ ላይ ትጫነው ነበር፤ "ይህ ነው" ለማለት። በተራ በተራ ከሥር ያለውን እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ፀጉሩ ሁሉ ጭንቅላታችሁን ዞሮ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ረጅም ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ይዞራል፣ ግድ የለም። አናቱ እንዳይደፈጠጥ የምትፈልግ መሐል አናቷ ላይ አንድ ትልቅ ቢጉዲን ትታ ሌላውን በዙሪያው ትጠምጥም።

ሽቦው። ኧረ ስለ ሽቦው ብዙ አለኝ! ሽቦ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ሞገድ ሞገድ የሚል። ሞገዱ ወደ ራስ ቅል ነው የሚዞረው፣ እሱ ነው ፀጉሩን የሚይዘው። ስንቶቻችሁ ገልብጣችሁ ነው የምታስገቡት? እጅ አውጡ። አያችሁ! [ሳቅ] ሽቦው ፀጉሩ በሄደበት አቅጣጫ ይተኛል፤ ተሻግሮ ከገባ ጠዋት መስመር ሠርቶ ይጠብቃችኋል። ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ጠብታ ከወለቀች ሽቦውን ጣሉት። ርካሽ ነው፣ ምን ያሳሳል? የተገለጠው ብረት ፀጉር ይቆርጣል፣ የራስ ቆዳም ይጭራል። ደግሞ በጥርሳችሁ አትክፈቱት! ታውቃላችሁ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን፤ አንድ እጅ ፀጉር ይዞ፣ ሽቦው ጥርስ ላይ። ጠብታዋን የሚያወልቃት እሱ ነው፤ ጥርሱንም ይጎዳዋል። ምን ያህል ሽቦ ትሉኝ ይሆናል። አጭር ፀጉር ብዙ ይፈልጋል፣ ረጅም ፀጉር ራሱን በራሱ ስለሚይዝ ጥቂት ይበቃዋል። ብዙ ሽቦ ሰክቶ መተኛት ግን ራስ ምታት መግዛት ነው።

ከዚያ ሻሹ። ሐር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሳቲንም ይበቃል። ሳቲን ሁሉ ሐር አይደለም፤ ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ፖሊስተር ነው፣ ለኛ ሥራ ግን ምንም አይል። የምንፈልገው የሚያንሸራትት፣ የማይመጥ ነገር ነው። ነጠላ፣ የጥጥ ሻሽ፣ ፎጣ፣ አይሆንም። ቋጠሮው ግንባር ላይ አይሁን፤ ማጅራት ላይ ወይም ጎን ላይ ይሁን። ጣታችሁ ከሻሹ ሥር መግባት ካቃተው በጣም ጠብቋል።

ጠዋት ደግሞ አትቸኩሉ። ሻሹ ይፈታ፣ ሽቦው አንድ በአንድ ይውጣ፣ ፀጉሩን በጣት አላሉት፣ ከዚያ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ። ሻሹ ውስጥ ፀጉር ብታገኙ አትደንግጡ፤ በቀን ከ50 እስከ 100 መርገፍ የተለመደ ነው። በሚቀጥለው ማታ ደግሞ አቅጣጫውን ቀይሩት። ዛሬ ወደ ቀኝ ከዞረ ነገ ወደ ግራ። ሁልጊዜ በአንድ ወገን ከዞረ ፀጉሩ ወደዚያው ያዘነብላል፣ ሥሩም በአንድ በኩል ሲሳብ ይከርማል።

አንዲት እህት ከዚህ በፊት ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ባሌ ፊት እንዲህ ሆኜ እንዴት እተኛለሁ?" እኔም "ባልሽ ሲያንኮራፋ አንቺ ፊት እንዴት ይተኛል?" አልኳት። [ሳቅ፣ ጭብጨባ]

ፀጉራችሁ ተፈጥሯዊ ከርዳዳ ሆኖ በፔስትራ ካልተተኮሰ፣ ይህ አሠራር ብዙ አይጠቅማችሁም። ለእናንተ የሚሻለው አራት ወይም ስድስት ወፍራም ጉንጉን ሠርታችሁ፣ ጫፉን አናት ላይ በሽቦ አስይዛችሁ፣ ሻሽ አድርጋችሁ ማደር ነው። ጠዋት የተዘረጋ ለስላሳ ፀጉር ታገኛላችሁ። ቅቤ የተቀባችሁ ቀን ሽቦውን ተዉት። ቅቤ ቅቤ ነው፤ ታጥባችሁ አድርቃችሁ ነው ወደዚህ የምትመለሱት። ለትናንሽ ልጆችም ሽቦ የለም፣ አንገት ላይ የሚንሸራተት ሻሽም የለም። የሳቲን ትራስ ልብስ ግዙላቸውና ይበቃል።

ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው፣ ግን አትለፉብኝ። ግንባራችሁ ዳር፣ ጆሯችሁ በላይ ያለው ፀጉር እየሳሳ ከሆነ ጠቅልላችሁ አትሳቡት። ጥብቅ ሹሩባ፣ ጥብቅ ዊግ፣ ጥብቅ ሻሽ፣ ሁሉም ያንኑ ቦታ ነው የሚጎዳው። በጊዜ ከተተወ ይመለሳል። ለዓመታት ከተሳበ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም። ቅባት ሻጮች የሚሏችሁን አትስሙ፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ የጠፋውን መልሶ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

እርጥብ ፀጉርም አትጠቅልሉና አትተኙ። ካስክ ውስጥ ገብቶ የሚደርቅ እርጥብ ጥቅል አለ፣ እሱ ሌላ ነው። ከሻሽ ሥር ሲታፈን ያደረ እርጥበት ግን ይሸታል፣ የራስ ቆዳንም ያሳክካል። እርጥብ ፀጉር ላይ ፔስትራ የምታደርጉማ... ጭስ ስታዩ ምን እየነደደ ይመስላችኋል? ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ ፀጉሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

አንድ ከባድ ነገርም አለ። በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከ33 ሺህ የሚበልጡ ሴቶችን ወደ 11 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ሪላክሰርን የመሰለ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ፈጽሞ ካልተጠቀሙት መካከል እስከ 70 ዓመታቸው የማሕፀን ካንሰር ይይዛቸዋል ተብሎ የተገመተው 1.64 በመቶ ነው። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ይጠቀሙ ከነበሩት ግን 4.05 በመቶ ሆነ። ጥናቱ ኬሚካሉ ነው ያመጣው ብሎ አልፈረደም፤ ግንኙነት አየሁ ነው ያለው። እኔም ማንንም አላስፈራራም፤ በገዛ እጄ ስንቱን ቀብቻለሁ። ደንበኞቼን ግን አሁን እጠይቃቸዋለሁ፤ በየወሩ መቀባት ለምን አስፈለገሽ? ብዙዎቹ የሚመልሱልኝ "ስለማይቆይልኝ" ነው። እንዳይቆይ የሚያደርገው ትራሱ ከሆነ፣ በኬሚካል ላይ ኬሚካል ምን ይሠራል? ሻሽ ከሪላክሰር ይረክሳል እኮ።

ወረቀት ላይ የላካችሁልኝን ሁለት ጥያቄ ልመልስና ልውረድ። አንዷ "ሂጃብ አደርጋለሁ፣ ከሥሩ ጠቅልዬ ብውልስ?" ብላለች። ትችያለሽ፣ እንዲያውም ይመችሻል፤ ከሥር የሳቲን ቆብ አድርጊ፣ ለሶላት ውዱ ካደረግሽ በኋላ ግን የነካውን ውሃ አድርቀሽ ሸፍኚ። እማማ ደግሞ፣ እዚያ ጋ የተቀመጡት፣ "ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ልፍታው ወይስ እንደታሰረ?" ብለዋል። እማማ፣ እንደታሰረ ይሂዱ። ሻሽዎ ላይ ነጠላዎን ይደርቡበት፤ ከቅዳሴ ተመልሰው ለእሁድ ምሳ ይፍቱት።

ቶናው ወርዷል መሰለኝ፣ ዓይን እየጠቀሱኝ ነው። ማየት የምትፈልጉ ቡናችሁን ይዛችሁ ወደዚህ ቅረቡ፤ ተሠርታ የመጣች፣ ፀጉሯ የደረቀ አንዲት ፈቃደኛ እፈልጋለሁ። ሽቦና መረብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ጠብታው የወለቀ ሽቦ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ቅርጫቱ ከበሩ አጠገብ ነው። አመሰግናለሁ!